እንጀራ ከቆመ በኋላ ሆድ ሲደርቅ

ካርቦሃይድሬት የቀነሱ ሰዎችን ምግብ ማስተካከል ሥራዬ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ተንቀሳቀሱ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

ሆድ ደርቋል፣ ሦስት አራት ቀን ሰገራ የለም

አብዛኛው ሰው ይዞብኝ የሚመጣው ይሄንን ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ እንጀራው ወጣ፣ በቦታው ምንም አልገባም። የጤፍ እንጀራ እኮ ካርቦሃይድሬት ብቻ አይደለም፤ ሰገራን የሚያለሰልሰውን፣ ፋይበር ወይም አሰር የምንለውንም ይዞ ነበር የሚመጣው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና አይብ ውስጥ አሰር የለም። ምንም!

አንዲት እህት «እኔ አትክልት እበላለሁ» ብላ ተከራከረችኝ። የምሳሽን ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። ሳህን ሙሉ ጥብስ፣ ዳር ላይ ሦስት ቅጠል ሰላጣና አንድ ቃሪያ። 100 ግራም ሰላጣ ያለው አሰር ከ1 ግራም ብዙም አይዘልም። ለቀን የሚያስፈልገው ደግሞ ቢያንስ 25 ግራም ነው። ስለዚህ ሳህኑን ገለበጥነው። ጎመኑ ግማሹን ያዘ፣ ጥብሱ ወደ ዳር ሄደ። የበሰለ ጎመን በ100 ግራም 4 ግራም ገደማ አሰር አለው። ጠዋት ከእንቁላሉ ጋር አቮካዶ ገባ፤ እሱ በ100 ግራም 7 ገደማ ነው። ማታ ፎሶሊያና ተልባ። በሳምንቱ «ተገላገልኩ» ብላ ደወለች።

ተልባውን ግን በአግባቡ አድርጉት። ሳይፈጭ ከዋጣችሁት ፍሬው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ተፈጭቶ የቆየውን ከሱቅ አትግዙ። ከፍታችሁ አሽትቱት፤ የከረመ ዘይት የሚሸት ከሆነ ተበላሽቷል። ፍሬውን ገዝታችሁ፣ አሸዋውን ለቅማችሁ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉት። የሳምንት ብቻ ፍጩና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 2 ግራም ገደማ አሰር ይሰጣል። ስኳርና ማር ከጨመራችሁበት ካርቦሃይድሬቱን ለምን ቀነሳችሁ?

ሆድ ተነፍቷል፣ ጋዝ በዝቷል

ችኮላ ነው። አንድ ወንድም በመጀመሪያው ቀን አራት ማንኪያ ተልባ በእርጎ በላ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጣበት። በማግስቱ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ መጣ፣ ድርቀቱም ባሰበት። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ። በየሦስት አራት ቀኑ ጨምሩ። ከእያንዳንዱ ጋር ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ደረቁን ዱቄት በፍጹም አትቃሙ፤ ጉሮሮ ላይ ያብጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው የፋይበር ዱቄትም እንዲሁ ነው። መድኃኒት የምትወስዱ ሁለት ሰዓት አራርቁ።

ድርቀት ከራስ ምታትና ከማዞር ጋር

በመጀመሪያው ሳምንት ሰውነት ውሃና ጨው ያፈሳል። ጨው ያለው የሥጋ መረቅ ይረዳል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ካርቦሃይድሬት ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

በጾም

ምስር ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም አሰሩ ብዙ ነው። አንድ ጭልፋ ከብዙ ጎመን ጋር ይበቃል።

ደም ካያችሁ፣ ካስመለሳችሁ ወይም ሆድ ተነፍቶ ጋዝም አልወጣ ካለ ተልባ አትበጥብጡ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።