ለአልትራሳውንድ ውሃውን ቤት አትጠጡ

ለማህፀን ወይም ለፕሮስቴት አልትራሳውንድ «ፊኛ ሞልታችሁ ኑ» ከተባላችሁ ውሃውን ቤት ጠጥታችሁ አትውጡ። ታክሲው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ከቆመ መያዝ ያቅታል፤ ከሸናችሁ ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ነው። 1 ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካርድ አውጥታችሁ፣ ተራችሁ መቼ እንደሚደርስ ጠይቃችሁ፣ ከዚያ 1 ሰዓት ሲቀረው ጨርሱት። አምቦ ውሃና ለስላሳ ይቅርባችሁ።

የአልትራሳውንድ ድምፅ አየርን ማለፍ አይችልም። የሞላ ፊኛ ጋዝ ያለበትን አንጀት ገፋ ያደርግና ለድምፁ መስኮት ይሆናል። እስኪያምም መወጠር ግን ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ኩላሊት ያበጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከበዛ ለባለሙያው ንገሩና ትንሽ ሸንታችሁ አስተንፍሱት።

ሐሞት ከረጢትም አብሮ ከታዘዘ የጠዋት ቀጠሮ ያዙ። ከምርመራው በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምግብ አይበላም፤ ማኪያቶም ምግብ ነው! ወተቱ ከረጢቱን ስለሚያኮማትረው ጠጠር ሊደበቅ ይችላል። ውሃ ብዙ ጊዜ አይከለከልም።

በሴት ብልት በኩል ለሚሠራው ምርመራ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሸንታችሁ ግቡ። ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ፈሳሽ የተመጠነላችሁ ቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።