ከደሴ ብርድ ወደ አልበርታ ብርድ፦ ፒክአፕን ለበረዶው ወቅት ማዘጋጀት

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቤተሰቤ ዘንድ ለእረፍት መጥቼ ነው። ነሐሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ልጁን ወይም እህቱን ወደ ካናዳ የሸኘ ሰው አይጠፋም። ከኮምቦልቻ ሄደው የአልበርታ ግዛት ከተማ ኤድመንተን ከገቡ ገና ወራት ያልሞላቸው ወጣቶችም ያገለገለ ፒክአፕ እየገዙ እንደሆነ ሰማሁ። መግዛታቸው ደግ ነው፤ የግንባታውም የዕቃ ማመላለሱም ሥራ ፒክአፕ ላለው ሰው ቶሎ ይገኛል። ያሳሰበኝ መኪናውን የገዙት በሐምሌ ሙቀት መሆኑና ታኅሣሥ ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

እኛ ደሴ ያደግን ሰዎች ብርድ እናውቃለን እንላለን። እውነት ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ይሁን እንጂ የደሴ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይረግፋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰውም መኪናውም ይፍታታል። ኤድመንተን ላይ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ሰማዩም ጥርት ይላል፣ ብርዱ ግን ለቀናት ንቅንቅ ላይል ይችላል። እዚህ አልነሳ ያለ መኪና ፀሐይ እስኪያገኘው ይጠበቃል፤ እዚያ የሚጠብቅ ሰው መኪናውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ብርዱ ሳይደርስ ማለቅ አለበት። በረዶ በጥቅምት ሊጥል ስለሚችል መስከረም ሳይጋመስ ጀምሩ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ራዲያተሩን እዩ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሾፌር ሞተሩ ሲግልበት ከጄሪካን ውሃ ጨምሮ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ልማድ አልበርታ ውስጥ ሞተር ይገድላል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሞተሩ ውስጥ መሄጃ ስለማያገኝ ብረቱን ሰንጥቆ ይወጣል። የተሰነጠቀ ሞተር ማስቀየሪያው ደግሞ ፒክአፑን ከገዛችሁበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መድኃኒቱ አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። በተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ አይረጋም፤ የአንቲፍሪዙ ድርሻ 60 በመቶ ሲሆን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም ይቋቋማል። ውሃ ሳይነካው ብቻውን ቢሞላ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ አይሻልም፤ ያልተቀላቀለ አንቲፍሪዝ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል። ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ የተዘጋጀውም ያልተቀላቀለውም ጎን ለጎን ስለሚሸጡ ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። መለኪያው ጥቂት ዶላር ነው፤ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ትስቡበታላችሁ፣ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚያዋጣ ያሳያችኋል። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደጨመረበት ስለማታውቁ በሻጩ ቃል አትመኑ።

ቀጥሎ ብሎክ ሂተር ነው። እዚያ አገር ከብዙ መኪና ፊት፣ ከፓራውልቱ አጠገብ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ገመዱ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ማሞቂያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማሞቂያው በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያሞቅ ሞተሩ ጠዋት ሳይጨነቅ ይነሳል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲደርስ መሰካት ጥሩ ነው፤ ከ20 በታች ሲሆን ግን ግዴታችሁ አድርጉት። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም። ከመነሳታችሁ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቀደም ብሎ የሚያበራ የሰዓት መቆጣጠሪያ ግዙ፤ በኤሌክትሪክ ሂሳብ ዋጋውን ይመልሳል። ማራዘሚያ ገመዱ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ፣ ወፍራምና ሦስት እግር ያለው ይሁን። የቤት ውስጥ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ላስቲኩም በብርዱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ እሳት ያስነሳል። ማሞቂያው መሥራቱን በመስከረም ሞክሩት፤ ሰክታችሁ ጆሮ ስትሰጡ ከሞተሩ ስስ የፉጨት ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ድምፅ ከሌለ መካኒክ ይለካው። ፒክአፑ ከሞቃት ግዛት የመጣ ከሆነ ማሞቂያው ከነጭራሹ ላይኖረው ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤት ስትከራዩም የመኪና ማቆሚያው የኤሌክትሪክ መሰኪያ እንዳለው መጠየቅን አትርሱ፤ የኤድመንተን አከራዮች ጥያቄውን ለምደውታል።

ዘይት ላይ ብዙ አልቆይም። በዘይቱ ዕቃ ላይ ከተጻፈው ደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። ኮምቦልቻ ጋራዥ የምታውቁት 15ደብሊው-40 ፓምፑ ሊስበው እንዲችል የሚፈተነው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው፤ 5 የሚለው 35 ላይ፣ 0 የሚለው 40 ላይ። የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅዳቸው መካከል 0 ወይም 5 የሚለውን ሲንተቲክ ዘይት ምረጡ።

ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ በዚያው ሰዓት የወፈረውን ዘይት ለማሽከርከር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። በሙቀቱ ወቅት ደህና ይሠራ የነበረ ባትሪ በመጀመሪያው ብርድ የሚሞተው ለዚህ ነው። ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች ያለ ክፍያ ይፈትሹላችኋል። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ የተሞላ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም አይረጋም፣ ባዶ የሆነ ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ጎኑ ያበጠ ወይም የረጋ ባትሪን ከሌላ መኪና በገመድ ለማስነሳት ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ይፈነዳል።

ፒክአፓችሁ ናፍጣ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት አለባችሁ። ቅቤ ኮምቦልቻ ላይ ለስልሶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ እንደሚረጋው፣ ናፍጣም ውስጡ ያለው ሰም በብርድ ይረጋና ፊልትሮውን ይዘጋል። የነዳጅ ማደያዎች በብርዱ ወቅት የሚሸጡት ናፍጣ ለዚያ ተስተካክሎ የቀረበ ነው፤ አደጋው ከሙቀቱ ወቅት የተረፈውን በታንክ ይዞ መቆየት ነው። እንዳይረጋ የሚያደርገው ተጨማሪ ፈሳሽ የሚሠራው ቀድሞ ሲጨመር ነው፤ ከረጋ በኋላ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ ታንኩ ከግማሽ በታች አይውረድ።

ወደ ጎማ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ፎር ዊል ነው፣ ምን ያደርገኛል?» ይላሉ። አራቱም ጎማ መጎተቱ መኪናውን ያስነሳል እንጂ አያቆመውም። የሚያቆመው ጎማው ነው፤ የተራ ጎማ ላስቲክ ደግሞ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ካለው 7 ዲግሪ ሲወርድ መጠንከርና መያዣ ማጣት ይጀምራል። በጎኑ ላይ የሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ጎማ ፈልጉ፤ ለአራቱም እግር እንጂ ለሁለቱ ብቻ አትግዙ። አልበርታ በሕግ አታስገድድም። ኩቤክ ግን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ታስገድዳለች፤ ወደ ቫንኩቨር የምትነዱም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተራራ መንገዶች ከኦክቶበር ጀምሮ ደንብ አለ። ንፋሱንም በየጊዜው ለኩ፤ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ተኩል በቀነሰ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ያህል ይወርዳል።

ሐረጎን የነዳ ሰው ቁልቁለትን በማርሽ መውረድ ያውቃል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፣ አትጣሉት። በግግር በረዶ ላይ ግን ማርሽ በድንገት ዝቅ ሲደረግ የኋላ ጎማዎች መያዣ ያጣሉ፤ ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ስለሆነ ዞሮ ፊቱን ሊቀድመው ይችላል። ፍጥነቱን ከሩቅ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አውርዱ። ከኋላ መጫኛው፣ ልክ ከጎማዎቹ ዘንግ በላይ፣ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሸዋ በከረጢት አስቀምጡና በደንብ እሰሩት፤ ስትያዙም አሸዋው ከጎማ ሥር ይበተናል። አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን ማርሽ በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ፤ እንዲህ ዓይነቱን አጠቃቀም የማይፈቅዱ ፒክአፖች ብዙ ስለሆኑ መመሪያውን እዩ። ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ በረዶ ይሠራል። ካልጋሪ ያላችሁ ደግሞ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በቀን በረዶውን ሲያቀልጥ ደስ አይበላችሁ፤ ማታ ተመልሶ ሲረጋ በዓይን የማይታይ መስተዋት ይሆናል።

ጠዋት ፓራብሬዛ ላይ ሙቅ ውሃ አታፍሱ፤ ይሰነጠቃል። በረዶውን በመፋቂያ አንሱ፤ ጣሪያውንም ጥረጉ፣ አለበለዚያ ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ ዓይናችሁን ይጋርዳል። የመስተዋት ማጠቢያው ከዜሮ በታች 40 የሚል ይሁን። መኪናውን ለማሞቅ አስነስታችሁ ቁልፉን ትታችሁ አትግቡ፤ ሌባ የሚጠብቀው እሱን ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ለደቂቃም ቢሆን ሞተር አታስነሱ፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ከከተማ ስትወጡ፣ በተለይ ወደ ፎርት ማክመሪ በሚወስደው በአውራ ጎዳና 63፣ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ 511 ከሚባለው የመንገድ መረጃ አገልግሎት ጠይቁ። ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ የባትሪ ገመድ፣ መጎተቻ፣ የእጅ መብራትና የስልክ ባትሪ መሙያ ከመቀመጫው ጀርባ ይኑሩ። ለምግቡ ከእናቶቻችን ስንቅ የሚበልጥ አላየሁም፦ ቆሎ ብርድ አያበላሸውም፣ በሶም በትንሽ ውሃ ሆድ ይይዛል። ውሃውን በፔርሙዝ ያዙ። በረዶ ከያዛችሁ ከመኪናው አትራቁ፤ በዚያ ነፋስ መንገድ የሳተ ሰው ቶሎ አይገኝም። ሞተሩን በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል አስነሱ፤ ከዚያ በፊት ግን ወርዳችሁ የማርሚታውን ጫፍ ከበረዶ አጽዱ፣ ነፋሱ በማይመታው በኩል ያለውንም መስኮት ትንሽ ክፈቱ።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ወደ ቤተሰብ የሚላከውም አለ። አንቲፍሪዙን ማስለካትና ባትሪውን ማስፈተሽ ከምንም አይቆጠርም፣ በዚያ ጀምሩ። ቀጥሎ ብሎክ ሂተሩ፣ ከዚያ ዘይቱ። ጎማ በአንዴ አዲስ መግዛት ካልቻላችሁ ያገለገለ ፈልጉ፤ ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ያገለገለ ባትሪ ግን ቢረክስም አትግዙ።