የሰሜን ሸዋን ቁጥር ለሕዝብ ለማስረዳት

መጀመሪያ ቁጥሩ የየትኛው ሰሜን ሸዋ እንደሆነ ይለዩ። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች አሉ፤ የአማራው ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ የኦሮሚያው ፍቼ ነው። ሰንጠረዡ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ካለ ክልሉን ሳያጣሩ አይውሰዱት። ቀጥሎ ዓመቱን ይመልከቱ። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ ሁለቱ አንድ ግራፍ ላይ ከተቀላቀሉ መስመሩ ይዋሻል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ስለሆነ «ይገመታል» ብለው ይጻፉ።

ብዙ ዘጋቢ የሚሳሳተው አማካይ ላይ ነው። አምስት ገበሬዎች ከሄክታር 12፣ 14፣ 15፣ 16 እና 43 ኩንታል ገብስ አገኙ እንበል። ድምሩ 100፣ አማካዩ 20 ነው፤ ግን ከአምስቱ አራቱ 20 አልደረሱም። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መካከል ላይ ያለውን 15ን ይጥቀሱ። የመንዝ ገበሬ በሬዲዮ «አማካይ 20 ኩንታል» ሲባል ሰምቶ የራሱን ማሳ ካላገኘበት ቀሪውን ዘገባም አያምንም፤ አይፈረድበትም። 43ን ግን አይጣሉት። የጽሕፈት ስህተት ይሁን የተሻለ ዘር ደውለው ይጠይቁ።

ከ20 በመቶ ወደ 25 በመቶ መድረስ የ5 መቶኛ ነጥብ ጭማሪ ነው፤ ዕድገቱ ግን 25 በመቶ ነው። የትኛውን እንደተጠቀሙ ይናገሩ። የበልግን ምርት ከመኸር ጋር አያወዳድሩ። የዓምድ ግራፍ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምር።