ካንስል ተብሎም የማይቆም ስክሪፕት፦ የአፕልስክሪፕት ሳጥኖች ችግርና መፍትሄ

አፕልስክሪፕት የማክ ኮምፒውተርን ሥራዎች በትዕዛዝ የሚያሠራ ቋንቋ ነው፤ በእሱ የተጻፈው ፕሮግራም ስክሪፕት ይባላል። የችግሩ ምልክት ይሄ ነው። ተጠቃሚው ካንስል ይጫናል፣ ስክሪፕቱ ግን ምንም እንዳልተባለ ሥራውን ይቀጥላል።

ስንቴ እንዳስተካከልኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። የጥያቄ ሳጥን የሚያወጣው ዲስፕሌይ ዳያሎግ የሚባለው ትዕዛዝ ላይ ካንስል የሚል ቁልፍ ካለ፣ ሲጫኑት -128 (ተጠቃሚው ሰረዘ) የሚባለው ስህተት ይነሳል፤ ካልያዛችሁት ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል። የማስጠንቀቂያ ሳጥን የሚያወጣው ዲስፕሌይ አለርት ግን እንደዚያ አይደለም። ካንስል ብላችሁ ብትሰይሙትም ለእሱ ተራ ቁልፍ ነው። ካንስል ባተን በሚለው የትዕዛዙ አማራጭ የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁት ስህተት የለም፣ መቆም የለም፣ ቀጣዩ መስመር ይሠራል።

አንድ ሰው አሮጌ ፋይሎች የሚያጠፋ ስክሪፕት ነበረው። በዳያሎግ ሲጠይቅ ደህና ነበር። ከዚያ አለርቱ ያምራል ብሎ ትዕዛዟን ብቻ ቀየረ። ካንስል ሲጫን ፎልደሩ ባዶ ቀረ፤ የሚያጠፋው በሼሉ (የጽሑፍ ትዕዛዝ ማስኬጃው) አርኤም በሚባለው ማጥፊያ ስለነበር ትራሽ ውስጥም የለም። «ካንስል እኮ ነው ያልኩት!» ይለኛል። ብለሃል፣ የሰማህ ግን የለም።

መፍትሄው፦ ካንስል ባተን ላይ የቁልፉን ስም ስጡ። ዲፎልት ባተን (ሪተርን ሲመታ የሚጫነው ቁልፍ) ደግሞ ማጥፊያው አይሁን፤ ሰው ሳያነብ ነው ሪተርን የሚመታው። የተጫነውን ቁልፍ ስም የሚነግራችሁን ባተን ሪተርንድንም አንብቡ። «አጥፋ» የሚል መልስ ካልመጣ ምንም አትንኩ።

የዚሁ ችግር ሌላው ምንጭ ባዶ ትራይ (ስህተት መያዣ ክፍል) ነው። ፎልደር የሚያስመርጠውን ቹዝ ፎልደርን በትራይ ይከቡትና ስህተት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚናገረውን ኦን ኤረር ሳይጽፉ ይተዉታል። -128 ይዋጣል፣ ምርጫው የሚቀመጥበት ተለዋዋጭም የነበረውን ይዞ ይቀጥላል። ተለዋዋጩ ፕሮፐርቲ የሚባለው ዓይነት ከሆነማ የባሰ ነው፤ ካለፈው ጊዜ የተቀመጠውን ዋጋ ሊይዝ ስለሚችል፣ ዛሬ ካንስል ብላችሁ የትናንቱ ፎልደር ይታመሳል። ኦን ኤረር ነምበር -128 ብላችሁ እሱን ብቻ ያዙና ሪተርን በሚለው ትዕዛዝ ውጡ። ሌላው ስህተት ይጩኽ፣ አታፍኑት! ሁሉንም የሚውጥ ትራይ ሳይ ደሜ ይፈላል።

እኔ አሁን አንድ ሃንድለር (በስሙ የሚጠራ የስክሪፕት ክፍል) ብቻ ነው ያለኝ። ፋይል ያስመርጣል፣ የፖዚክስ መንገዱን (ሼሉ የሚያውቀውን የፋይል አድራሻ) በጽሑፍ ይመልሳል፣ ካንስል ከተባለ ሚሲንግ ቫልዩ (ዋጋ የለም) ይመልሳል። ሳጥን በየቦታው አልበትንም፤ ጠሪው የሚፈትሸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ፦

ሳጥኑ ወጥቶ 2 ደቂቃ ሳይነካ ሲቀር -1712 (ጊዜው አለፈ የሚለው ስህተት) መጣ? ሳጥኑን በሌላ አፕሊኬሽን ቴል ብሎክ (ለዚያ አፕሊኬሽን ትዕዛዝ የሚሰጥበት ክፍል) ውስጥ ጠርታችሁታል። አውጡት፣ ወይ በዊዝ ታይምአውት ጊዜውን አራዝሙ።

ሼሉ ፋይሉን አላገኘሁም ካለ፣ ቹዝ ፋይል የሚመልሰው አሊያስ (ሼሉ የማይገባው የአፕልስክሪፕት የፋይል ማመልከቻ) መሆኑን ረስታችኋል። መጀመሪያ ወደ ፖዚክስ ፓዝ ቀይሩት፣ ከዚያ በጥቅስ ወደሚያስገባው ኮትድ ፎርም። ኮትድ ፎርሟን የሚዘሉ ሰዎች ስሙ መሃል ክፍት ቦታ ያለው ፋይል እስኪመጣ ነው ደስታቸው።

የማስቀመጫ ስምና ቦታ የሚጠይቀው ቹዝ ፋይል ኔም ፋይል አይፈጥርም፣ ቦታ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሪፕሌስ ብላችሁትም የድሮውን አይነካም።

በሲስተም ኢቨንትስ (የሌሎች አፕሊኬሽኖችን ቁልፎች በስክሪፕት የሚያስጫነው የማክ ፕሮግራም) የሌላ አፕሊኬሽን ሴቭ ሳጥን የምትጫኑ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ መስኮት ሳይሆን ከሰነዱ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሺት ነው። ስለዚህ ሺት 1 ኦቭ ዊንዶው 1 ብላችሁ ፈልጉት። ዲሌይ 2 (2 ሴኮንድ ጠብቅ) ብሎ መጸለይ አይሠራም፣ ማሽኑ የተንቀራፈፈ ቀን ይወድቃል። ሺቱ እስኪመጣ ደጋግማችሁ በሪፒት እየፈተሻችሁ ጠብቁ፤ ግን ገደብ አድርጉበት፣ አለዚያ ሺቱ ካልመጣ ስክሪፕቱ ለዘላለም ሲጠብቅ ይኖራል።