ለፓኒክ ቴራፒ ከመግባታችሁ በፊት ጠባያችሁን እወቁት

ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት፣ ልብ የሚመታበት፣ ልሞት ነው የሚያስብል) ያለበት ሰው ቴራፒ፣ ማለትም የስነ ልቦና ህክምና፣ ሊጀምር ሲል ዋጋውንና የቴራፒስቱን ጎበዝነት ነው የሚጠይቀው፣ እኔ ግን የራሳችሁንም ጠባይ አስቡበት ነው የምለው፣ ምክንያቱም ያው ህክምና አንዱን በጥቂት ወራት ቀና ሲያደርገው ሌላው እዛው የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ጠባይ ነው። "ደካማ ስለሆንክ ነው" ማለቴ አይደለም፣ እንደዛ የሚላችሁን አትስሙት።

ለፓኒክ በብዛት የሚሰጠው ቴራፒ ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ድርጊትን በመቀየር የሚያክም ቴራፒ) ነው። እንግሊዛዊው ሳይኮሎጂስት ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ፓኒኩን የሚያባብሰው ለልብ ምታችን የምንሰጠው ትርጉም ነው፣ ልቤ መታ፣ በቃ ልሞት ነው ትላላችሁ፣ ትፈራላችሁ፣ ስትፈሩ ደግሞ የባሰ ይመታል። ስለዚህ ስሜቱ እንደማይገድል ራሳችሁ እንድታዩት ቴራፒስቱ ሆን ብሎ ያስነሳዋል፣ አፍንጫ ይዞ በቀጭን ስትሮ 1 ደቂቃ መተንፈስ፣ ወንበር ላይ መሽከርከር፣ ደረጃ በሩጫ መውጣት (የልብ ችግር፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም እርግዝና ካለ መጀመሪያ ሀኪም ይየው)። ሰውነቱ ውስጥ ትንሽ ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ይሄ በጣም ይከብደዋል ግን በጣም የሚጠቅመውም እሱን ነው፣ ከ20 ሰከንድ ጀምሩልኝ በሉ እንጂ ይቅርብኝ አትበሉ።

እኛ ጋ ቴራፒን በጣም የሚያበላሸው ይሉኝታ ይመስለኛል። ቴራፒስቱ "ሳምንቱ እንዴት ነበር?" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" እንላለን፣ ሳምንቱን ሙሉ ግን ታክሲ ፈርተን በእግር ነው የሄድነው፣ ቴራፒስቱ ተለማመዱ ብሎ የሰጠንን የቤት ስራም አልሰራንም፣ ከዛ እናፍርና ቀጠሮውን እንቀራለን። ጠበል እየሄድን እንደሆነም እንደብቃለን፣ ሆድ ይፍጀው ብለን። እንደዚህ አይነት ሰው ከሆናችሁ ከቀጠሮው በፊት ማታ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ስንቴ መጣብኝ፣ የት፣ ከምን ሸሸሁ፣ ስትገቡ ስልኩን ስጡትና ያንብበው፣ አፍ አውጥቶ መናገር ሲያቅት ይሄ በጣም ያግዛል። ልምምዱ ከበዛባችሁም "በዝቶብኛል" በሉት፣ አይቀየማችሁም፣ ስራው ነው።

ሰው አጠገቡ ከሌለ መንቀሳቀስ የማይችል ደግሞ አለ። እህቷ ካልያዘቻት ታክሲ የማትገባ፣ ከገባችም በር ዳር ካልሆነ የማትቀመጥ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ውሃና ኪኒን ካልያዘች ከቤት የማትወጣ። ጭንቀቱ ስለሚቀንስላት እየዳነች ይመስላታል ግን "እህቴ ስላለች ነው የተረፍኩት" የሚለው ሀሳብ አይነካም። ስለዚህ ቤተሰብም ይነገረው፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ስትሄዱ መጀመሪያ እህት አጠገብ ትቀመጥ፣ ቀጥሎ ኋላ ወንበር፣ ከዛ አራት ኪሎ ወርዳ ትጠብቅ፣ በመጨረሻ ቤት ትሁን። እናቶች በተለይ "ልጄን ብቻዋን አልለቅም" ይላሉ፣ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይልቀቋት።

ሁሉን ነገር ፍጹም ማድረግ የሚፈልግ ሰው የቤት ስራ ላይ ጎበዝ ነው፣ ችግሩ አንድ ወር ሰላም ሆኖ ድንገት ሲነሳበት "ዋጋ የለውም" ብሎ ይተወዋል። መመለሱ ያለ ነገር ነው፣ መቁጠር ያለባችሁ ስንቴ መጣ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሲመጣ ሳትሸሹ ስንት ደቂቃ ቆያችሁ የሚለውን ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ከዛ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ፓኒኩ በበረታበት ሰሞን ደግሞ "ተፈጥሮዬ ፈሪ ነው" ብላችሁ አትደምድሙ፣ ያኔ የሚሞላ የጠባይ መጠይቅ ሰውን ከወትሮው የባሰ ፈሪና ጥገኛ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ ሲሻላችሁ ድጋሚ ሙሉት።

መድሃኒት የጀመራችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ልምምድ ከመግባታችሁ በፊት ዳያዜፓም (ጭንቀት የሚያረጋጋ ኪኒን) የምትውጡ ከሆነ ግን ለሀኪሙም ለቴራፒስቱም ንገሩ፣ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ካላያችሁት "ኪኒኑ ነው ያዳነኝ" ብላችሁ ነው የምትወጡት።