ካትሉን ከመጣላችሁ በፊት፦ የጠጣር ውሃ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አክስቴ ቤት ስደርስ ካትሏን ልትጥለው በር ላይ አስቀምጣዋለች። «ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ» አለችኝ። ከፍቼ አየሁት። ታቹ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። አንድ ብርጭቆ አቼቶና አንድ ሰዓት በቃን። ዛሬም ሻይ የሚፈላው በሱ ነው።

ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ውሃው ያስቸገረው ስንት ቤት ይሆን? ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል። ከምንጭና ከጉድጓድ ስንቀዳው ይዞት ይመጣል። በሊትር ከ120 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ካለው ጠጣር ይባላል፤ ከ180 ካለፈ በጣም ጠጣር። ስትጠጡት አብሽሩ፣ ለጤና የሚያሰጋ አይደለም። ችግሩ ሲሞቅ ነው። በተለይ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ የተሟሟው ነገር ኖራ ሆኖ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ ይጋገራል።

መጀመሪያ ውሃውን ፈትኑ

ክረምት ከሆነ ቀላል ነው። አንዱን ሃይላንድ በዝናብ ውሃ፣ ሌላውን በቧንቧ ውሃ እስከ ግማሽ ሙሉ። እኩል የተፋቀ የልብስ ሳሙና ጨምራችሁ ናጡ። የዝናቡ በአረፋ ተሞልቶ የቧንቧው ደፍርሶ ነጭ ዝቃጭ ከያዘ፣ ውሃችሁ ጠጣር ነው። በኦሞ አትሞክሩት፤ ኦሞ በጠጣር ውሃም አረፋ ስለሚያወጣ ያታልላችኋል። ውሃው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ያ ደለል ወይም ዝገት ነው፣ ሌላ ጉዳይ።

ካትሉ ይዘገያል፣ ወይም ሳይፈላ ይጠፋል

አምፖሉን እዩ። እሱም ደብዝዞ ከሆነ ኃይል ወርዷል፣ ካትሉን አትንኩት። መብራቱ ደህና ሆኖ ታቹ ነጭ ከሆነ ግን ምክንያቱ ቅርፊቱ ነው። ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ታቹ ከልክ በላይ ሲግል መከላከያው ያጠፋዋል።

አንድ እጅ አቼቶ፣ አንድ እጅ ውሃ አድርጉበት። ለብ አድርጋችሁ ከሶኬት ንቀሉትና አንድ ሰዓት ተዉት። ሎሚም ይሠራል፣ ብቻ ብዙ ይፈልጋል። ከዚያ እጠቡት፣ ሁለት ጊዜ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉ። በቢላ ወይም በሽቦ አትፋቁት።

ፈልቶ አልጠፋም ካለ ግን ኖራውን አትጠርጥሩ። ብዙዎቹ ካትሎች የሚጠፉት በእንፋሎት ስለሆነ ክዳኑ በደንብ መዘጋቱን እዩ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እስከ 100 እንዲያሞቅ የታዘዘ ዲጂታል ካትል እዚህ 100 አይደርስም፤ ወደ 90 ዝቅ አድርጉት።

አንድ ነገር አደራ፦ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቀድሞ በበረኪና የታጠበ ነገር ካለ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ቦይለሩ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል

ይህ ድምፅ ሲሰማ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ታች የተጠራቀመው ኖራ ሥር የታፈነ ውሃ እየፈላ ነው። አብሮም ሙቅ ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ የመብራት ሂሳቡ ይጨምራል።

ይህን ሥራ ውሃ በሚመጣበት ቀን ያዙት። በፈረቃ መሃል ከጀመራችሁት ቦይለሩ ባዶውን ያድራል። ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። መግቢያውን ዝጉ፤ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ። ከታች አፍስሱት፤ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ በመሃል ትንሽ ትንሽ ውሃ እያስገባችሁ አጥሩት። ከዚያ ሙሉት። ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለማቋረጥ ሳይወርድ ብሬከሩን እንዳታበሩ፤ ሬዚስታንሱ በደረቁ ከሞቀ በደቂቃ ይቃጠላል። ድምፁ ካልጠፋ ባለሙያ ይፍታው። ሲፈታ የማግኒዥየም ዘንጉንም እንዲያይላችሁ ጠይቁ። እሱ እየተበላ ነው ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው፤ ካለቀ ተራው የጋኑ ነው። ከጥገናው በኋላ ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። 75 ላይ ከተዋችሁት ኖራው ቶሎ ይመለሳል።

ሻወሩ በየአቅጣጫው ይረጫል

የሻወሩን ራስ ፍቱትና ውሃውን ልቀቁ። ከቱቦው በኃይል ከወረደ ቀዳዳዎቹ ናቸው የተደፈኑት፤ ራሱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት። የማይፈታ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አቼቶ አድርጋችሁ በክር እሰሩበትና ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ከቱቦውም ቀጭን ከሆነ የግፊት ጉዳይ ነው።

ልብስ ይሻክራል፣ ማሽኑ ቀስ ይላል

ጠጣር ውሃ ሳሙናውን ይበላዋል፤ የቀረው ዝቃጭ ፎጣውን ያሻክረዋል። ሰው ሳሙና ይጨምራል፣ ዝቃጩ ይብሳል። ለማሽን ዱቄት ኦሞ ይሻላል። በየሁለት ሦስት ወሩ ባዶውን በ60 ዲግሪ፣ 100 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ጨምራችሁ አዙሩት። አቼቶን በማሽን አላበዛም፣ ጎሚኒውን ይጎዳል። ውሃ ቀስ ብሎ የሚገባ ከሆነ ደግሞ መግቢያው ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትታችሁ እጠቡ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚያመጣው አሸዋ እዚያ ነው የሚቀረው።

ካውያው ነጭ ይተፋል

የእንፋሎት ካውያ ከሆነ አቼቶ አትጨምሩበት፣ የራሱን መመሪያ ተከተሉ። ከዚያ ወዲያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጠቀሙ። ሲፈላ አብዛኛው ኖራ ታች ይዘቅጣል፤ ሳትነቀንቁ ከላይ ከላዩን ቅዱ። አክስቴ አሁን ማታ አፍልታ በጆግ ታሳድራለች። ጠዋት የጆጉ ታች ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ትደፋለች፣ የላዩን ለካውያው ትወስዳለች።