ለፓስታ የሚሆን ሳህን እንዴት ይመረጣል

እቤት ፓስታ ሲሰራ ሁላችንም የምንጨነቀው ስለ ስጎው ነው፣ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላላ ወይ፣ ቲማቲሙ ጨርሶ ሟሟ ወይ፣ ፓስታው ከመጠን በላይ እንዳይበስል እያልን ድስቱ ስር ቆመን እንጠብቃለን፣ ከዛ ይሄ ሁሉ ልፋት እጃችን ላይ የገባው ዝርግ ሳህን ላይ ይዘረገፍና ስጎው ወደ ዳር ይሸሻል፣ ፓስታው ሁለት ሶስት ጉርሻ ሳይበላ ይቀዘቅዛል፣ በሹካ ሲጠቀለል ደግሞ ግማሹ ጠረጴዛ ጨርቁ ላይ ነው። ሳህኑ የምግቡ ግማሽ ስራ እንደሆነ ማመን የሚጀመረው ትክክለኛው ሳህን ላይ አንዴ ሲበላ ነው። ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊትም፣ እቤት ካለው ውስጥ ስትመርጡም እንዲህ አድርጉ።

1ኛ፦ እቤታችሁ የሚበላው ምን አይነት ፓስታ ነው?

ሁሉም ፓስታ አንድ አይነት ሳህን አይፈልግም። ረጅሙ ስፓጌቲ በስጋ ስጎ ወይም በቲማቲም ስጎ ከሆነ ጎድጎድ ያለ ሳህን ግድ ነው፣ ምክንያቱም ስጎው መሀል ላይ ተሰብስቦ መቆየት አለበት፣ ሹካው ደግሞ ሲሽከረከር የሚደገፍበት ግድግዳ ይፈልጋል። የፆም ፓስታ በጎመን፣ በካሮትና በድንች የሚሰራው ግን ዘይት እንጂ ፈሳሽ ስጎ ስለሌለው ዝርግ ሳህን ላይ ቢቀርብም ብዙ አይጎዳም። መኮሮኒ በሹካ ስለሚወጋ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ያለ ማንኛውም ሳህን ይበቃዋል፣ ለልጆች በማንኪያ የሚሰጥ ከሆነ ግን ጎድጓዳው ይሻላል፣ ማንኪያው ላይ እስኪወጣላቸው ድረስ ጠርዙ ያግዛቸዋል። ሾርባ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ፓስታዎች የሾርባ ሳህን ነው የሚፈልጉት፣ አለቀ። ላዛኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

አንድ አይነት ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሰፋ ብሎ ጎድጎድ ያለውንና ዳር ዳሩ ጠርዝ ያለውን ግዙ። ጣሊያኖች ፓስታ የሚበሉበት ጠለቅ ያለው ሳህን እሱ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ለስፓጌቲውም ለመኮሮኒውም ለሾርባውም ለሰላጣውም ያገለግላል።

2ኛ፦ ልኩን በእጅ ሳይሆን በሜትር

ሱቅ ውስጥ ሳህን ሁሌም ከእውነተኛው ትልቅ ወይም ትንሽ ነው የሚመስለው፣ ስለዚ የልብስ ሰፊ ሜትር ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆነው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከ22 እስከ 24 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው ነው። ከዚህ ከጠበበ ፓስታው ይቆለልና ስጎው ከስር ያለው ጋ አይደርስም፣ ከዚህ በጣም ከሰፋ ደግሞ ፓስታው ስስ ሆኖ ይዘረጋና ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ካላደረጉበትም ምግቡ ያነሰ ይመስላል፣ እንግዳ ፊት ይሄ አያምርም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 500 ግራም የሆነው አንዱ ፓኬት ለ5 ሰው ቢከፋፈል ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ይደርሰዋል፣ ያ ሲቀቀል ውሃ ጠጥቶ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስጎው ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ። ይሄን ይዞ ከግማሽ ብዙም የማያልፍ ሳህን ነው የምንፈልገው፣ እስከ አፉ የሞላ ሳህን ላይ ሹካ ማሽከርከር አይቻልም።

ማይክሮዌቭ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ትንንሾቹ ባለ 20 ሊትር ማይክሮዌቮች ውስጥ ያለው የሚዞረው ብርጭቆ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሚያምር ትልቅ ሳህን ገዝታችሁ እቤት ስትደርሱ አልዞር ይላችኋል።

3ኛ፦ ከምን እንደተሰራ

ለፓስታ ከሁሉም የምመርጠው ወፈር ያለ ፖርስሊን ወይም በደንብ የተቃጠለ ወፍራም ሴራሚክ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ የስጎ ቀለም አይገባበትም፣ ሽታም አይቀርበትም። ስስና ቀላል የሆነው ነጭ የብርጭቆ ሳህን፣ ብዙ ቤት ሰርቪስ ተብሎ በስድስት በስድስት የሚገዛው ማለት ነው፣ ለማጠብም ለመደርደርም ይመቻል፣ ዋጋውም ይሻላል፣ ግን ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከመቅረቡ በፊት ማሞቅ ይፈልጋል።

ሜላሚን የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ሳህን አይሰበርም ብለው ብዙ እናቶች ለልጆች ይገዙታል፣ እሱ ልክ ነው፣ ነገር ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ በፍጹም አይገባም፣ በርበሬ የገባበት የዘይት ስጎም ቀለሙን ይለቅበትና ከጊዜ በኋላ ነጩ ሳህን ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ከፊቱ ተጭሮ የሻከረ ሜላሚን ካላችሁ ትኩስ ምግብ አታድርጉበት፣ ቀይሩት።

አሉሚኒየም ትሪ ወይም ሳህን ላይ የቲማቲም ስጎ ያለበት ፓስታ አስቀምጦ ማሳደር ጥሩ አይደለም፣ የቲማቲሙ አሲድ ከብረቱ ጋር ይገናኝና ጣእሙ ብረት ብረት ይላል። ምንም ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ደግሞ ዘይትና ስጎ ስለሚመጥ ለወጥ ለብቻው ይያዝ እንጂ ለፓስታ አይመከርም። ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅበት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ውስጡ ድረስ በደማቅ ቀለም ያጌጠ ሴራሚክ ነው። አንዳንዱ ላዩ የተቀባው የሚያብረቀርቅ ነገር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ቲማቲምን የመሰለ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ምግቡ ያወጣዋል። ውጭ ሀገር ሆናችሁ ሁለተኛ እጅ ዕቃ ቤት የድሮ የሚያምር ሳህን የምታገኙ ሰዎችም ይሄን አስቡ፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ምግብ ግን አታድርጉበት።

ሳህኑን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የብርጭቆና የሹካ ስዕል ጎን ለጎን ካለ ለምግብ የተሰራ ነው ማለት ነው፣ ማይክሮዌቭና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የሚችል ከሆነም ምልክቱ እዛው ይኖራል። ጠርዙ ላይ ወርቅማ ወይም ብርማ መስመር ያለው ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ የእሳት ብልጭታ ይፈጥራል፣ ለበዓል አስቀምጡት።

4ኛ፦ ሳህኑን አሙቁት

ይሄን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ግን ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ 100 አይደርስም፣ ስለዚ ፓስታው ለመብሰል ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፣ ከድስቱ ሲወጣም ከመጀመሪያው ሙቀቱ ያነሰ ነው። እንዲህ ሆኖ የወጣውን ፓስታ በሐምሌ ምሽት ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ስታደርጉት ምን እንደሚሆን አስቡት። ድሬዳዋ ላላችሁ ይሄ ጭንቀት የላችሁም።

ቀላሉ ዘዴ ፓስታው ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከድስቱ በጭልፋ የሞቀ ውሃ ቀድቶ ሳህኖቹ ላይ ማድረግ ነው፣ ከዛ ደፍቶ በንጹህ ፎጣ ማድረቅ፣ ውሃ ከቀረበት ስጎውን ያቀጥነዋል። ኦቨን ያለው ሰው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ አስር ደቂቃ ቢያስቀምጣቸው ይበቃል። ሳህኑ በእጅ መያዝ የሚቻል መሆን አለበት፣ እጅ የሚያቃጥል ሳህን ለእንግዳ አይሰጥም፣ ለልጅማ ጭራሽ።

5ኛ፦ ለብዙ ሰው ሲሆን

እንግዳ ሲበዛ ፓስታውን ለብቻ ስጎውን ለብቻ ማቅረብ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ግን ያልተቀባው ፓስታ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ኬክ እየተቆረጠ ነው የሚነሳው። ከስጎው የተወሰነውን ድስቱ ውስጥ እያለ ለውሱት፣ የቀረውን በጎን አቅርቡ። ማቅረቢያው ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ብዙም ያልጠለቀ ትልቅ ሳህን ይሁን፣ በጣም ጠልቆ የጠበበ ከሆነ የታችኛው ፓስታ ከክብደቱ ይጨፈለቃል። ለማንሻ መቆንጠጫ ከሌለ ሹካና ትልቅ ማንኪያ አንድ ላይ አድርጉ፣ ጭልፋ ብቻውን ስፓጌቲ አያነሳም።

ትሪ ላይ በእንጀራ ከሆነስ? ይሄም የራሱ ወግ አለው፣ ጣፋጭም ነው። ያኔ ስፓጌቲው ተሰባብሮ ቢቀቀል ወይም መኮሮኒ ቢሆን በእጅ ለመጠቅለል ይመቻል፣ ስጎው ወፈር ይበል፣ ቀጭን ስጎ እንጀራውን ከስር ያርሰውና ይበጣጠሳል። ትሪው ጠርዝ ያለው ይሁን፣ ቃሪያውና ሰላጣው ዳር ዳሩን ይቀመጡ፣ ፓስታው መሀል።

6ኛ፦ ላዛኛ

ላዛኛ የሚቀርበው በተጋገረበት ዕቃ ስለሆነ ዕቃው ኦቨንም ጠረጴዛም የሚችል መሆን አለበት። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ከ6 እስከ 8 ሰው ያበላል። የብርጭቆ ከሆነ ኦቨን የሚችል መሆኑን ጀርባው ላይ አረጋግጡ፣ ደግሞ ከኦቨን እንደወጣ እርጥብ ማጠቢያ ወይም ቀዝቃዛ እምነበረድ ላይ አታስቀምጡት፣ ድንገት ሊፈነዳ ይችላል፣ ደረቅ ፎጣ ወይም እንጨት ላይ ይቀመጥ። አስር አስራ አምስት ደቂቃ ሲያርፍ ሳይፈርስ ይቆረጣል፣ እሱን ደግሞ ዝርግ ሳህን ላይ አቅርቡት፣ ጎድጓዳ ውስጥ ቢላዋና ሹካ መጠቀም ያስቸግራል።

ቀለሙን በተመለከተ ብዙ አልልም። ነጭ ሁሌም ያዋጣል፣ ቀዩ ስጎ ነጭ ላይ ደምቆ ይታያል፣ በክሬም የሚሰራው ፓስታ ግን ነጭ ላይ ስለሚጠፋ ጠቆር ያለ ሳህን ካላችሁ ለሱ አውጡት።

መርካቶም ሆነ ሾላ ስትገዙ አንዱን ሳህን በጥፍር ነካ አድርጉትና ድምጹን ስሙ፣ ጥርት ያለ ድምጽ ካለው ደህና ነው፣ የታፈነ ድምጽ ከሰጠ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡትና የሚወዛወዝ መሆኑን እዩ፣ ሹካ ሲሽከረከርበት የሚወዛወዝ ሳህን ያናድዳል። ደግሞ ስድስት ከፈለጋችሁ ስምንት ግዙ፣ ከአመት በኋላ አንዱ ሲሰበር ያንኑ ዲዛይን ፈልጎ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።